መልቀቂያው ይቆይ፦ በባሕር ዳር የራስን የማማከር ሥራ ስለመጀመር

ጥያቄ፦ «የምግብ ቴክኖሎጂ ምሩቅ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ምግብ ማቀነባበሪያ በጥራት ቁጥጥር ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 30 ሺህ ብር ነው፤ ተቆራርጦ 19 ሺህ ገደማ እጄ ይገባል። ለወረታ ሩዝ መፈልፈያዎች፣ ለወተት ማቀነባበሪያዎች፣ ለዳቦ ቤቶችና ለሐይቁ ዳር ሆቴሎች በምግብ ጥራት፣ በደኅንነት፣ በሥልጠናና በአስተዳደር የሚያማክር የራሴን ድርጅት ማቋቋም እፈልጋለሁ። 260 ሺህ ብር ቆጥቤያለሁ። በሐምሌ መልቀቂያ አስገብቼ፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ በወር 12 ሺህ ብር ቢሮ ተከራይቼ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሜ ልጀምር ነው። የማውቀው አንድ የፕሮጀክት ኃላፊ ‹አንቺ ብቻ ፈቃዱን አውጪ፤ የመጀመሪያውን ሥራ እኛ እንሰጥሻለን› ብሎኛል። ክፍያዬንም ደመወዜን ለ22 የሥራ ቀን አካፍዬ በቀን 1,500 ብር ለማድረግ አስቤያለሁ። መንገዴ ትክክል ነው?»

ምላሽ፦ ሙያዎ ተፈላጊ ነው፤ 11 ዓመት በፋብሪካ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያውቀውን ከመጽሐፍ ማግኘት አይቻልም። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። መልቀቂያ፣ ቢሮ፣ ማኅበር፣ ከዚያ ደንበኛ ብለው ደርድረዋል። ደንበኛው መጀመሪያ መምጣት ነበረበት፤ ቢሮው ደግሞ ለአሁኑ ጭራሽ አያስፈልግም።

ከብሩ ልነሳ። ቢሮው በዓመት 144 ሺህ ብር ይወስዳል። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ታፔላ ሲገዛ 60 ሺህ ብር ቢበቃ ጥሩ ነው። ከ260 ሺው የሚተርፈው 56 ሺህ ይሆናል። ለቤት ወጪ የእርስዎን ድርሻ በወር 15 ሺህ ብር ብቻ ብናደርገው እንኳ አራት ወር አይሞላም። አሁን ይህን ከዓመቱ አካሄድ ጋር ያስተያዩት። በሐምሌ መልቀቂያ ቢያስገቡ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያው ነሐሴን ይነካል። ምዝገባና ፈቃድ ሲጨርሱ መስከረም ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ስለሚከፈት፣ መሥሪያ ቤቶቹና ከእነሱ ጋር የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ክረምቱን የሚያሳልፉት ሂሳብ በመዝጋትና ዕቅድ በማጸደቅ ነው። አዲስ ውል የሚፈረመው ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት ወዲህ ነው። ሥራው ይሠራል፣ ሪፖርቱ ይቀርባል፣ አስተያየት ይሰጥበታል፣ ይታረማል፣ ይጸድቃል፣ ከዚያ ወደ ፋይናንስ ይሄዳል። እኔ ባየሁት፣ ከመጀመሪያው ንግግር እስከ መጀመሪያው ክፍያ አምስትና ስድስት ወር መሄዱ የተለመደ ነው። ገንዘብዎ በታኅሣሥ ያልቃል፤ ክፍያው የሚመጣው ግን ከጥር በኋላ ነው። ብዙ ጎበዝ ባለሙያዎች ወደ ቅጥር የተመለሱት በዚህች ክፍተት ምክንያት ነው፤ ሙያ አንሷቸው አይደለም።

ቢሮውን የተውኩት ለቁጠባ ብቻ ብዬ አይደለም። የወረታ ሩዝ ፈልፋይ ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ ደረጃ ወጥቶ አያማክርዎትም። ማሽኑ አጠገብ ቆመው፣ እህሉን በእጅዎ ዘግነው ሲያዩለት ነው የሚያምንዎት። የሆቴል ባለቤትም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሊያገኝዎት ይፈልጋል። ለንግድ ምዝገባ አድራሻ ስለሚጠየቅ የመኖሪያ ቤትዎን ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ከክፍለ ከተማዎ የንግድ ጽሕፈት ቤት ያጣሩ፤ ካልሆነም በሚታወቅ ሰው ቢሮ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ በውል መከራየት ይበቃል። ለቢሮ ሊያወጡት ከነበረው ሩቡን ለመሣሪያ ያውሉት፦ አስተማማኝ የእህል እርጥበት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ የናሙና ሚዛን፣ ለወተት ደግሞ የአሲድነት መለኪያ። መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ወሬ ይዞ ከሚመጣው ይለያል፤ ደንበኛውም ለምን እንደሚከፍል በዓይኑ ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ምን እንደሚሸጡ ሲጽፉ «ጥራት፣ ደኅንነት፣ ሥልጠና፣ አስተዳደር» ብለዋል፤ ደንበኛዎቹም ከሩዝ እስከ ሆቴል ተዘርግተዋል። ሰፊ መረብ ብዙ ዓሣ ይይዛል ብለው ይሆናል፤ በማማከር ሥራ ግን ሰው የሚፈልግዎት አንድ የታወቀ ችግር ሲገጥመው ነው፣ ያኔም ስምዎ ከዚያ ችግር ጋር ተያይዞ ሊታወሰው ይገባል። ሌላም በእኛ አገር የከበደ ነገር አለ። ምክር በባህላችን አይሸጥም። ሽማግሌ ይመክራል፣ የንስሐ አባት ይመክራል፣ ጎረቤት ቡና ላይ ይመክራል፤ ማንም ገንዘብ አይጠይቅም። እርስዎም ሥራ በጀመሩ በሳምንቱ «እስኪ አንዴ ልጠይቅሽ» የሚል ስልክ ይበዛልዎታል፤ ክፍያ አለው የሚለው ነገር ለጠያቂው በሐሳቡም አይመጣለትም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ስለዚህ «አማክራለሁ» ብለው አይቅረቡ። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ዋጋው የታወቀ፣ ውጤቱ የሚለካ አንድ ሥራ ይዘው ይቅረቡ።

በሩዝ ላሳይዎት፤ ሁለት ወቅት ከፈልፋዮች ጋር ስለሠራሁ ነገሩን ቀርቤ አይቸዋለሁ። በወረታ ዙሪያ ባለው በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚታጨደው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ፈልፋዩ የሚያማርረው ስለ ስብርባሪ፣ ማለትም ሲፈለፈል ስለሚሰበረው ሩዝ ነው። ስብርባሪ የሚበዛው በብዙ ምክንያት ነው፦ እህሉ መሬት ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ከመጠን በላይ ሲደርቅ፤ ማታ ጤዛ መትቶት ጧት እንደገና ሲደርቅ ፍሬው ውስጡ ይሰነጠቃል፤ እርጥበቱ የተለያየ የብዙ ገበሬ እህል አንድ ላይ ሲፈስ፤ የብረት ሲሊንደር ያለው የድሮ መፈልፈያ ከላስቲክ ሮለሩ የበለጠ ሲሰብር፤ ሮለሩም አልቆ ሳይቀየር ሲቀር። ለማከማቻም ለመፈልፈያም ልብ የሚባለው እርጥበት 14 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን እርስዎ ያውቁታል፤ ባለማሽኑ ግን ችግሩን ሁሉ በዘሩ ወይም በማሽኑ ላይ ይጥላል።

እንበልና አንድ ፈልፋይ በቀን 40 ኩንታል ንጹሕ ሩዝ ያወጣል። ሙሉው ሩዝ ከስብርባሪው በኩንታል 1,500 ብር ይበልጣል እንበል። የእርስዎ ሥራ ስብርባሪውን ከመቶው በ10 ቢቀንስለት በቀን 4 ኩንታል ከስብርባሪ ወደ ሙሉ ይሻገራል፤ 6 ሺህ ብር ማለት ነው። በ60 የፍልፈላ ቀን 360 ሺህ ብር ይሆናል። ቁጥሩን በእውነተኛው ገበያ ዋጋ ይተኩት፤ ስሌቱ ግን ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «የጥራት ማማከር አገልግሎት» ቢሉት ምላሹ «እናስብበት» ይሆናል። «ከአጨዳ በፊት ማሽንህንና የማድረቂያ አያያዝህን ለሦስት ቀን መርምሬ፣ ስብርባሪህን ለክቼ፣ ምን እንደምታስተካክል በጽሑፍ ሰጥቼህ፣ ፍልፈላው ሲጀመር ሁለት ጊዜ ተመልሼ እለካልሃለሁ፤ ዋጋው 45 ሺህ ነው» ቢሉት ግን እርሳስ አንስቶ ያሰላል። ሊከራከር ይችላል፣ 35 ሺህ ሊል ይችላል፤ ክርክሩ ግን በዋጋ ላይ ሆነ ማለት ነው፤ ያ ትልቅ እርምጃ ነው።

ስለዚህ አንዱን ይምረጡ። ባሕር ዳር ስላሉ፣ ወረታም በሐሙሲት በኩል 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ገበያው ከመስከረም እስከ ጥቅምት በግልጽ ስለሚከፈትም እኔ ሩዙን እመርጥልዎት ነበር። ወተቱን ወይም የሆቴል ወጥ ቤቱን ከመረጡም አይከፋም፤ የፋብሪካ ልምድዎ ወደ የትኛው እንደሚያደላ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ሁለተኛው ዘርፍ በሁለተኛው ዓመት ይመጣል። «አስተዳደር» የሚለውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከዝርዝሩ ይሰርዙት፤ 11 ዓመት የሠሩበት አይደለም።

የፕሮጀክት ኃላፊው ቃል። ሰውየው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን ውል አይደለም። እኔ በ2003 ተመሳሳይ ቃል ተሰጥቶኝ ነበር። ፈቃድ አውጥቼ፣ ክፍል ተከራይቼ ስጠብቅ ቃል የገባልኝ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ የተተካው ኃላፊ ሥራውን በጨረታ አወጣው፤ እኔም የመልካም ሥራ አፈጻጸም ማስረጃ ስላልነበረኝ በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቅሁ። ሰባት ወር ያለ ገቢ ኖርኩ፤ በእነዚያ ወራት የባለቤቴን ወርቅ መሸጣችን ዛሬም ይቆጨኛል። የተተካው ኃላፊ አጠፋ አልልም፤ በሕዝብ ወይም በለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ በትውውቅ መሰጠት የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቃልን እንደ ገቢ ቆጥሬ ደመወዜን ተውኩ። ሰውየውን አሁኑኑ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ሥራው በዚህ ዓመት በጸደቀው ዕቅድና በጀት ውስጥ አለ? ቢጋሩ፣ ማለትም የሥራው ዝርዝር መግለጫ፣ ተጽፏል? ግዢው በምን ዓይነት ዘዴ ነው የሚፈጸመው፣ በጨረታ ነው፣ በውስን ተጫራቾች ነው ወይስ በሌላ? ሦስቱን በግልጽ ከመለሰ የምር ነገር አለ። «እሱን ለእኔ ተይው» ካለ ግን ገንዘብም ቀንም አይቁጠሩበት። እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ፦ ሥራው ከመሰጠቱ በፊት ወይም ክፍያው ከመውጣቱ በፊት ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ይተዉት፣ ሥራውም ይቅር። በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ የጥራት ባለሙያ ስሟ አንዴ ከተበላሸ የምትለካውን ቁጥር ማን ያምናታል?

ዋጋዎ ተሳስቷል፤ በብዙ። 30 ሺህን ለ22 ሲያካፍሉ የሚያገኙት የተቀጣሪ ቀን ዋጋ ነው። ተቀጣሪ ዝናብ ቢዘንብም፣ ሥራ ቢጠፋም ይከፈለዋል፤ አማካሪ የሚከፈለው ለሠራው ቀን ብቻ ነው። ከ365 ቀን ቅዳሜና እሑድን ሲያወጡ 261 ይቀራል። በዓል፣ ሕመም፣ ለቅሶና ዕረፍት ሲነሳ 230 አካባቢ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ደንበኛ በመፈለግ፣ ፕሮፖዛል በመጻፍ፣ ክፍያ በመከታተልና ግብር ቢሮ በመመላለስ ያልቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚከፈልበት ቀን 100 ቢደርስ ደስ ይበልዎት። ዓመታዊ ደመወዝዎ 360 ሺህ ነው። አሠሪዎ ለጡረታ የሚጨምርልዎ 11 በመቶ፣ 39,600 ብር፣ ከአሁን በኋላ የለም። መጓጓዣ፣ ስልክና ኢንተርኔት፣ የመሣሪያ ጥገና፣ የሂሳብ ባለሙያ ክፍያ፣ የፈቃድ እድሳት 110 ሺህ አካባቢ ይጠጋል። ድምሩ 510 ሺህ ብር ነው፤ ለ100 ቀን ሲካፈል በቀን 5,100 ብር ይመጣል። በ1,500 ብር መቶ ቀን ሙሉ ቢሠሩ 150 ሺህ ብቻ አግኝተው ከደመወዝዎ ግማሽ በታች ይኖራሉ። ከዚህ በኋላ ደግሞ ዋጋን ማሳደግ እጅግ ይከብዳል፤ «ባለፈው በዚህ ሠርተሽልኝ አልነበር?» ይባላሉና። 5,100 ብሩን ግን ለደንበኛው አይንገሩት። የውስጥ መለኪያዎ ይሁን። ለደንበኛው የሚሰጡት የሙሉውን ሥራ አንድ ዋጋ ነው፤ ሥራው ስንት ቀን እንደሚወስድ እርስዎ ያስላሉ፣ ለድንገቴውም ጥቂት ቀን ይጨምሩበታል።

ክፍያው በክፍልፋይ ይሁን፦ ሲፈረም አንድ ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ሪፖርት ሲቀርብ አንድ ሦስተኛ፣ ሲጠናቀቅ ቀሪው። የግል ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ አልሰጥም ካለ ሥራውን አይጀምሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅድሚያ ሲሰጥ ዋስትና ስለሚጠይቅ ከባንክዎ ወይም ከኢንሹራንስ አስቀድመው ዋጋውን ይወቁ። ውሉ ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ ደንበኛው በስንት ቀን ውስጥ አስተያየት መስጠት እንዳለበት፣ ዝም ካለ እንደተቀበለ እንደሚቆጠር ይጻፍበት። ይህች አንድ አረፍተ ነገር ስንት ወር ያዳነችኝ መሆኑን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ክፍያ ቢዘገይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። ለ20 ሺህ ብር ፍርድ ቤት መመላለስ እንደማያዋጣም ልብ ይበሉ፤ የሚያድንዎት ቅድሚያ ክፍያው ነው።

በእኛ ክልል ውል ስንጽፍ አሁን ልንዘነጋው የማይገባ ሌላ አንቀጽ አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት፣ ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት ጊዜ አይተናል። ከባሕር ዳር ወረታ ቅርብ ነው፤ መንገዱ በማይከፈትበት ቀን ግን ሩቅ ነው። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታን ያውቃል፤ ይሁንና ከውሉ ላይ በግልጽ ያስፍሩት፦ መንገድ ወይም ግንኙነት ሲቋረጥ የጊዜ ገደቡ በዚያው ልክ ይራዘማል፣ እስከዚያ የተሠራው ይከፈላል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውኃ ስለሚተኛበት የመስክ ጉብኝት በሐምሌና በነሐሴ አይያዙ። ለራስዎም ደኅንነት ሲባል፣ የደንበኛ ቀጠሮ ተብሎ መንገዱ ሳይጣራ አይወጣም።

ስለ ሕጋዊ አቋሙ በአጭሩ። ሦስት አማራጭ አለዎት። በግል ነጋዴነት መመዝገብ ቀላሉና ርካሹ ነው፤ ጉዳቱ ለዕዳ የሚጠየቁት በግል ንብረትዎ ጭምር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከሌላ ሰው ጋር የሚቋቋም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ ለፎርማሊቲ ተብሎ እህት ወይም ባል በአባልነት ማስገባት በኋላ ጣጣ ያመጣል፣ አያስፈልግምም። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቅዷል፤ ሦስተኛው እሱ ነው። ማኅበር ግን የራሱ ሂሳብ መዝገብ፣ የራሱ የባንክ ሂሳብ፣ ቋሚ ወጪ አለው፤ ሥራ ባይኖርም ግብር ማስታወቅና ፈቃድ ማደስ ይቀጥላል። ማኅበሩ በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል፤ በግል ሲሆን ግብሩ እንደ ገቢው መጠን እያደገ ከፍተኛው 35 በመቶ ይደርሳል፤ በመጀመሪያ ዓመት ገቢዎ ልዩነቱ አያስጨንቅም። ደግሞም ኃላፊነቱ መወሰኑ የሙያ ጥፋትን አያነሳም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያስገድዳል፤ በግድየለሽነት በሰጡት መመሪያ ሰው በምግብ ቢመረዝ «ድርጅቱ ነው» ማለት መሸሸጊያ አይሆንም። በግል ነጋዴነት ይጀምሩ፤ ተቀጣሪ ሲያስገቡ ወይም ትልቅ ኃላፊነት ያለው ውል ሲመጣ ወደ ባለ አንድ አባል ማኅበር ይሻገሩ።

የፈቃዱ መደብ ላይ ይጠንቀቁ። «ማማከር» አንድ ፈቃድ አይደለም፤ በዘርፍ በዘርፉ የተከፋፈለ ነው፤ አንዳንዱ ከሚመለከተው ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋል። ከመመዝገብዎ በፊት የመረጡት ሥራ በየትኛው መደብ እንደሚወድቅ ንግድ ጽሕፈት ቤቱን በቃል ሳይሆን በዝርዝሩ ላይ እያሳዩ ይጠይቁ። የተሳሳተ መደብ ይዞ ጨረታ የገባ ሰው ሰነዱ ሳይከፈት ይወድቃል።

ግብር። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ብቻ ነው ከድርጅት ጋር የሚሠራው። ደንበኛዎ ከክፍያዎ ላይ ቅድመ ግብር ሲቆርጥ ገንዘቡ ጠፋ ብለው አይዘኑ፤ የዓመቱ ግብርዎ ላይ ይታሰብልዎታል፤ የተቆረጠበትን ደረሰኝ ግን ሳይቀበሉ ከቢሮው አይውጡ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የድሮ ወረቀት ይዞ የሚመክርዎትን ሰው አይስሙ። ከሚገባዎ እያንዳንዱ ክፍያ 30 በመቶውን በተለየ የባንክ ሂሳብ ያስቀምጡ፤ ያ ገንዘብ የእርስዎ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የአሁኑ አሠሪዎ አለ። የቅጥር ውልዎን አውጥተው ያንብቡ፤ ምሥጢር ስለመጠበቅ፣ ከተፎካካሪ ጋር ስላለመሥራት፣ ሥልጠና ተልከው ከሆነም ስለ ግዴታ አገልግሎት ምን ይላል? የፋብሪካውን ቀመር፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የአቅራቢዎች ዝርዝር ይዞ መውጣት ክፉ ጅማሬ ነው፤ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት። ሌላ ዕድልም አለዎት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ለ11 ዓመት አገልግሎት 21 የሥራ ቀን ነው። እነዚህን ቀናት ያልተጠቀሙ ከሆነ ሥራዎን የሚፈትኑባቸው ናቸው። አሠሪዎ ሩዝ ላይ የማይሠራ ከሆነ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁት፤ ብዙ ሥራ አስኪያጆች በግልጽ ሲጠየቁ ይፈቅዳሉ፣ ተደብቆ ሲገኝ ግን ያባርራሉ።

የሙያው ወሰንም ይታወቅ። «አይኤስኦ 22000 (ዓለም አቀፉን የምግብ ደኅንነት አስተዳደር ደረጃ) አስወጣለሁ» ብለው አይሽጡ። አማካሪ ድርጅቱን ያዘጋጃል፤ ኦዲት አድርጎ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ሌላ ገለልተኛ አካል ነው፤ ያው ሰው አዘጋጅም መስካሪም መሆን አይችልም። «በአራት ወር ሰርተፊኬቱን በእጅሽ አስገባለሁ» ብሎ የፈረመ ባልደረባ አውቃለሁ፤ ውጤቱ በእሱ እጅ ስላልነበረ ክፍያውን መልሷል። በሩዙም ቢሆን «ስብርባሪው በ10 በመቶ ይቀንሳል» ብለው ዋስትና አይስጡ፤ ገበሬው እህሉን እንዴት እንዳደረቀው እርስዎ አይቆጣጠሩም። የሚፈርሙት መለካቱን፣ ምክንያቱን መለየቱንና የማስተካከያ መመሪያውን ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ቁርጥ ያለ ነው። በሐምሌ አይልቀቁ፤ ቢሮ አይከራዩ፤ ማኅበር አያቋቁሙ። ክረምቱን ደመወዝዎን እየበሉ አንዱን አገልግሎት በሁለት ገጽ ይጻፉት፤ የውል ረቂቅዎንም በሕግ ባለሙያ ያሳዩት፤ የአንድ ቀን ክፍያ ይበቃዋል። በመስከረም ወረታ ወርደው ከአምስት ፈልፋዮች ጋር ይነጋገሩ፤ አምስቱንም ስብርባሪያቸው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚለካው ሰው ካለ ይገርመኛል። ከአሠሪዎ የጽሑፍ ፈቃዱን እንዳገኙ በግል ነጋዴነት ይመዝገቡና በዓመት ፈቃድዎ ሁለት የተከፈለባቸው ምርመራዎች ይሥሩ፤ ለዘመድም ቢሆን በነጻ አይሁን፣ ቅናሽ ከሰጡም ሙሉውን ዋጋ ደረሰኙ ላይ ጽፈው ቅናሹን ለይተው ያሳዩ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ማኅተም ያለበት የሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ይቀበሉ፤ እኔ በ2003 የጎደለኝ ያች ወረቀት ነበረች። መልቀቂያ የሚያስገቡት ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ ቢያንስ የሦስት ወር ገቢ የሚሸፍን የተፈረመ ውል ሲኖርዎት፣ ቅድሚያ ክፍያውም ባንክ ሲገባ፤ እንዲሁም የስምንት ወር የቤት ወጪ፣ 120 ሺህ ብር፣ ሳይነካ ሲቀመጥ። ቁጠባዎ ይህን አሁኑኑ ይችላል፤ ቢሮውን ከተዉት።

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አንድም ፈልፋይ ካልከፈለዎት ሥራዎ ላይ ይቆዩና እምቢ ወዳሉዎት ሰዎች ተመልሰው ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ዋጋው ይሆን፣ ወቅቱ ይሆን፣ ወይስ ችግሩ የእነሱ ሳይሆን የገበሬው ሆኖ አግኝተውታል? የመጨረሻው ከሆነ ደንበኛዎ ፈልፋዩ መሆኑ ይቀርና እህል የሚሰበስቡት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ሥራው ከአጨዳ በፊት በማድረቂያ ሸራ ላይ ይጀምራል። ያኔ ያገኙትን ይዘው እንደገና ይጻፉልኝ።